ላይቭ ከመግባታችሁ በፊት

ስልኬ የጮኸው ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ቁጥሩ የወንድሜ ነው፤ ድምፁ ግን የእሱ አልነበረም። ‹‹የልጁ እህት ነሽ? ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሆስፒታል ይዘነው እየሄድን ነው፤ ቶሎ ድረሺ›› አለኝ አንድ የማላውቀው ሰው። ከዚያ በኋላ የነገረኝን አላስታውሰውም።

ወንድሜ ያኔ 24 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በመገንባት ላይ ያለ ሕንፃ ላይ ፌራዮ ነበር። ብረት እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ እያሰረ በቀን 600 ብር ያገኛል። የዚያን ቀን የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ወደቀ። የደህንነት ቀበቶ አላሰረም፤ የሚታሰር ቀበቶም አልነበረም። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ እያየ ‹‹አከርካሪው ተሰብሯል፤ ሕብለ ሰረሰሩም ተጎድቷል›› አለኝ። ሕብለ ሰረሰር ማለት የአንጎልን ትዕዛዝ ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ አንጀት የሚያደርስ መስመር ነው። መስመሩ ወገብ ላይ ከተጎዳ ከዚያ በታች ያለው ዝም ይላል። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእግሩ አልቆመም።

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልን አይደለም። ሐዘኑን ጠግበናል። የምጽፈው አራት ወር ሙሉ ገንዘብ ስንፈልግ የቆየነው በተሳሳተ ቦታ ስለነበረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ፤ ዋነኞቹ መንስኤዎችም መውደቅና የመንገድ አደጋ ናቸው። ሕንፃ ላይ የሚሠራ ወንድም ወይም ሞተር የሚነዳ ጓደኛ የሌለው ማን አለ?

‹‹እንደዚህ ሆኜ አታሳዪኝ››

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ቤት የሚያደርገውን ነው። የእማዬ ወርቅ ተሸጠ። እድሩ አበደረን። እኔ ያልደረሰኝን ዕቁብ ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩ። ለቀዶ ሕክምናው የሚያስፈልገውን ብሎን ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ ተባልን፤ ገዛን። ከዚያ መድኃኒት፣ ካቴተር፣ ዳይፐር፣ ታክሲ። ሰው ቀዶ ሕክምናው ካለቀ ወጪውም ያለቀ ይመስለዋል። ወጪው ገና ‹‹ሀ›› ማለቱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የአጎቴ ልጅ መፍትሔ ይዞ መጣ። ‹‹ቲክቶክ ላይቭ እንግባ። እማዬ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ እኔ የቴሌብር ቁጥሩን አስቀምጣለሁ። በአንድ ሌሊት ስንቱ ነው የሞላለት!›› አለ። ክፋት የለውም፤ ልጁ ከልቡ ነው። እኔም ስልኬን አውጥቼ ቦታ መምረጥ ጀመርኩ። ወንድሜ ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደተከለ ‹‹እታለም፣ እባክሽ እንደዚህ ሆኜ አታሳዪኝ›› አለኝ። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ላይቭ የሚገቡትን ልወቅስ አይደለም። ሕይወት ልታመልጥ ስትል ክብር የሚባለው ነገር ቅንጦት ይሆናል፤ የሕዝባችን እጅም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ልመና አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ነው። የአከርካሪ ጉዳት ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። በስድስተኛው ወር ዳይፐር ሲያልቅ ማን ላይክ ያደርጋል?

ብርቱካን ይዘው የመጡት ሰዎች

በሦስተኛው ሳምንት ከሚሠራበት ድርጅት ሁለት ሰዎች መጡ፤ ካቦውና አንድ የቢሮ ሰው። ብርቱካንና ጁስ ይዘዋል። ‹‹ድርጅቱ በሰብዓዊነት 80 ሺህ ብር ሊረዳችሁ ወስኗል›› አሉ። እማዬ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። ከብርቱካኑ ሥር አንድ ወረቀት ወጣ። ‹‹ከዚህ በኋላ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም›› ይላል። ወንድሜ ተኝቶ እንዲፈርም እስክሪብቶ አቀበሉት።

ከጎናችን አልጋ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አንድ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ፣ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ሳያነሱ ‹‹ልጄ፣ ዛሬ አትፈርሙ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ብሩን ሊሰጡ አይደለም፤ ወረቀቱን ሊወስዱ ነው›› አሉኝ። እንግዶቹን ‹‹አስበን እንደውላለን›› ብዬ ሸኘኋቸው። እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

አባትየው በማግስቱ ነገሩን አፍታተው አስረዱኝ። እኔም በኋላ በስልኬ አውርጄ አነበብኩት፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ‹‹ራሱ ነው ያልተጠነቀቀው›› ማለት ብቻውን አያድነውም። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ ወይም አዋጁ በግልጽ ከዘረዘራቸው ጥፋቶች አንዱን ካልፈጸመ በቀር። ኃላፊነቱም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የሕክምና ወጪ። ቀዶ ሕክምናው፣ የሆስፒታሉና የመድኃኒቱ ወጪ፣ አስፈላጊ የሆነ ሰው ሠራሽ ወይም ደጋፊ መሣሪያም ጭምር።

ሁለተኛ፣ ሥራ መሥራት ባልቻለባቸው ወራት የሚከፈል ክፍያ፣ እስከ 12 ወር ድረስ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ።

ሦስተኛ፣ የአካል ጉዳት ካሳ። ሠራተኛው በጡረታ ወይም በመድን ካልተሸፈነና ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ በሙሉ ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ጉዳቱ በከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል። ይህ ገንዘብ ግብር አይነካውም፤ በዕዳም አይያዝም።

የስልኬን ካልኩሌተር ከፈትኩ። 600 ብር በቀን፣ 26 ቀን በወር፤ 15,600 ብር። የአንድ ዓመቱ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ 46,800 ሲደመር 35,100 ሲደመር 46,800፣ በድምሩ 128,700 ብር ሆነ። የ5 ዓመቱ ደመወዝ ደግሞ 936,000 ብር። 80 ሺህ ብር በ‹‹ሰብዓዊነት›› የተባለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለእማዬ ቁጥሩን አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና ‹‹ታዲያ ብርቱካኑን ለምን በላንላቸው?›› አለች። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ማስረጃው ስልኩ ውስጥ ነበር

መብት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳት ሌላ። ወንድሜ የጽሑፍ ውል የለውም። ድርጅቱ ስንጠይቅ ‹‹እኛ አናውቀውም፤ የቀጠረው ንዑስ ተቋራጩ ነው›› አለ። ንዑስ ተቋራጩ ስልኩን ዘጋ። ቤታችን ተስፋ የቆረጠው ያኔ ነው፤ እኔም ሥራዬ ላይ ተመልሼ ገባሁና ነገሩ ተረሳ። የባከኑት ወራት እነዚያ ናቸው።

የማላውቀው ነገር ነበር። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። በቃል የተቀጠረ ሠራተኛም በአዋጁ ያለውን መብት አያጣም። ስለዚህ ጥያቄው ‹‹ውል አለህ ወይ?›› ሳይሆን ‹‹እዚያ መሥራትህን በምን ታሳያለህ?›› ነው።

የወንድሜ ስልክ አብሮት ወድቆ መስታወቱ ተሰባብሮ ነበር። አራት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቀን ወስጄ አስጠገንኩት። ሲበራ የሳይቱ የቴሌግራም ግሩፕ ቁጭ ብሏል። አደጋው ዋዜማ ማታ ካቦው በድምፅ ‹‹ነገ ጠዋት ፌራዮዎች ሁላችሁም ሦስተኛ ፎቅ፤ ማንም እንዳይቀር›› ብሎ ልኳል። የደመወዝ ኤስኤምኤሶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ተደርድረዋል። ከጓደኞቹ ጋር የድርጅቱን ሔልሜት አድርጎ የተነሳቸው ፎቶዎች አሉ። ልቅሶ ልንቀርጽበት ስንል የነበረው ስልክ ሌላ ሥራ ኖሮት ከርሟል!

ስለዚህ አደጋ ሲደርስ ይህን አድርጉ። የተጎዳውን ሰው ስልክ አታጥፉ፣ ፎርማት አታስደርጉ፣ ሲሙን አትለውጡ። ግሩፑ ከመዘጋቱ በፊት ስክሪንሾት አንሱ፤ ድምፁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አብረውት የነበሩትን ልጆች ስምና ስልክ ያዙ፤ የቀን ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ከተማ ነው። ያልፈረሳችሁ ቦታ ካለ መወጣጫውን ፎቶ አንሱ። ከሆስፒታል የሚሰጣችሁን እያንዳንዷን ወረቀትና ደረሰኝ በዚያው ቀን በስልክ አንስታችሁ ለሁለት ሰው ላኩ። እኛ የብሎኑን ደረሰኝ ዝናብ አበላሽቶብን ስንቱን ተመላለስን።

ሁለት ነገር ደግሞ በቀይ ይሰመርበት። አንደኛው ጊዜ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይቋረጣል። እኛ የደረስነው በአሥረኛው ወር ነው። ሁለተኛው የሕክምና ቦርድ ነው። የጉዳቱ መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ ያለ እሱ ካሳም ጡረታም አይሰላም። የሆስፒታል ካርድ ብቻ አይበቃም። ቦርድ እንዲቀመጥለት ቶሎ ጠይቁ፤ ወረፋውም ረጅም ነው።

የት ይኬዳል? መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለው። በስምምነት ካላለቀ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ጠበቃ የመክፈል አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ክሳችንን የጻፈልን እንዲህ ባለ ማዕከል ያለ የሕግ ተማሪ ነው፤ ከወንድሜ በአንድ ዓመት ያንሳል።

ጡረታ የሽማግሌ ብቻ አይደለም

ደመወዛችሁ ላይ 7 በመቶ ሲቆረጥ የምትበሳጩ ልጆች አላችሁ አይደል? አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ያ ገንዘብ ለ60 ዓመት ብቻ የሚጠራቀም አይደለም። በግል ድርጅት የምትሠሩና የጡረታ መዋጮ የሚገባላችሁ ከሆነ፣ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ሥራ መሥራት ካልቻላችሁ የጉዳት ጡረታ አለ። ለዚህኛው ረጅም የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ትናንት የገባ ሠራተኛም ይሸፈናል። ከሥራ ውጪ በደረሰ ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት የሚሰጠው ጡረታ ግን ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይፈልጋል። የሚጠየቀው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ዛሬ ጤነኛ ሳላችሁ አንድ ጥያቄ ለድርጅታችሁ አቅርቡ፦ ‹‹የተቆረጠብኝ በእርግጥ እየገባልኝ ነው?›› የወንድሜ አልገባም ነበር።

መኪና የገጨው ሰውስ?

ከእኛ ማዶ የተኛው ልጅ ሞተር ላይ ሳለ ተገጭቶ ነው የመጣው፤ የአንጎል ጉዳት ነበረበት። የእነሱ መንገድ ከእኛ ይለያል። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ነው፤ የፊት መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ስለዚህ ከታርጋው ጋር እሱንም ፎቶ አንሱ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነም በር አልተዘጋም፤ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ለሁሉም የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልጋል። ከመድኑ በላይ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። የካሳ ክሱ መቅረብ ያለበት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

የአንጎል ጉዳት ሌላም ጣጣ አለው። ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ አእምሮው ሙሉ ነው፤ ውክልና ሰጠኝ፣ እኔ ሮጥኩለት። ያኛው ልጅ ግን በእግሩ ይሄዳል፤ ያየው ሁሉ ‹‹ድኗል›› ይላል፤ ጠዋት የተናገረውን ግን ከሰዓት አያስታውስም። የሚፈርመውን ነገር ያልተረዳ ሰው ውክልና መስጠት አይችልም። ቤተሰቡ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞግዚት ማሾም አለበት። ይህን ሳያደርጉ በእሱ ፊርማ ‹‹የተስማሙ›› ቤተሰቦች በኋላ ሲቸገሩ አይቻለሁ። የልጁን ባሕርይ ለውጥ፣ የመርሳቱንና የንዴቱን ነገር በየቀኑ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ቦርድ ፊት ለአሥር ደቂቃ ሲቀርብ ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ወረዳውን አትናቁት

እኔ ወረዳ የምሄደው ለመታወቂያ ብቻ ነበር። ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት ከፍሎ ይገባበታል፤ መክፈል የማይችለውን ደግሞ መንግሥት ይሸፍንለታል። ምዝገባው ጊዜ አለው፤ ካለፈ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ሲጠርጉ ነው። ግን ‹‹ቀጥታ ድጋፍ›› የሚባል ክፍል አለው፤ መሥራት ለማይችሉ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ያለ ሥራ ይሰጣል። የሚመለምለው የአካባቢ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው መኖሩን ካላወቀ አይመለምልም። ሰው እንዳያየው ደብቃችሁ ያስቀመጣችሁት ወንድም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሦስተኛው የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍሉ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ብዙ በር የሚከፈተው በዚያ ነው።

ይህ ምጽዋት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች የተሃድሶና የዕርዳታ ድጋፍ ያደርጋል ይላል። ‹‹አቅም በፈቀደ›› የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚጠብ አውቃለሁ። ቢሆንም ያልጠየቀ ያንኑም አያገኝም።

ዊልቸሩ ላይ ደግሞ አንድ ስህተት ሠርተናል። አንድ ደግ ሰው የሰጡንን ሰፊ ዊልቸር ‹‹ተመስገን›› ብለን ተቀበልን። በወሩ ወንድሜ መቀመጫው ላይ ቆሰለ። ስሜት የሌለው ሰው ሲቆስል አያውቀውም። ያ ቁስል ሁለት ወር አስተኝቶ ከዊልቸሩ ዋጋ በላይ በላ። ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፤ በልክ ይሆናል፣ ትክክለኛ ትራስም ይፈልጋል። ቀይ መስቀል ኮሚቴ የሚደግፋቸው የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ለክተው ይሰጣሉ፤ ሪፈር ጠይቁ። አልጋ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። የእኔ ስልክ ለሦስት ወር ሌሊቱን ሙሉ አላርም ሲጮህ ያደረው ለዚህ ነው።

የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን አስቀድሜ ብፈልጋቸው ኖሮ ግማሹን መንገድ አልሄደውም ነበር። ቢሮክራሲውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ያለፉበት ሰዎች ናቸው። ካቴተር እንዴት እንደሚያዝ ከአንድ ዊልቸር ላይ ካለ ሰው የተማርነውን ያህል ከማንም አልተማርንም። ለወንድሜም ሌላ ነገር ሰጡት፤ ሚስት ያለው፣ የሚሠራ፣ የሚቀልድ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው አየ።

‹‹ፈርማችኋል?››

ክሳችን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። ተፈረደልን። ድርጅቱ ይግባኝ አለ። በመጨረሻ በክፍያ ሊከፍል ተስማማ፤ ግማሹ ገብቷል፤ ግማሹን እየጠበቅን ነው። የእማዬ ወርቅ አልተመለሰም። ወንድሜም አልቆመም። ሁሉም ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፤ አሁንም ሌሊት ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም የሚልባቸው ቀናት አሉ።

ግን በገባው ብር በራችን ላይ ጠባብ ሱቅ ከፍቷል። ሞባይል ይጠግናል። መጀመሪያ የፈታው ያንኑ የራሱን የተሰባበረ ስልክ ነው። ጠረጴዛው ለዊልቸሩ በልክ ተሠርቶለታል፤ የበራችንን ደረጃ ሰፈሩ ተባብሮ አፍርሶ በሲሚንቶ ስላች አድርጎለታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስልክ ሊያሠራ መጣ። ስልኩ የወንድሙ ነው። ወንድሙ ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ነው። ‹‹ላይቭ ልንገባ ስለሆነ ካሜራው እንዲሠራ ነው የምፈልገው፤ ሌላውን ተወው›› አለ። ወንድሜ መፍቻውን አስቀምጦ ቀና አለ።

‹‹ስንት ወራችሁ ነው?››

‹‹አንድ ወር ሊሞላን ነው።››

‹‹ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ? ፈርማችኋል?››

ልጁ ግራ ገብቶት አየው። ‹‹ነገ ይመጣሉ›› አለ።

‹‹በል ቁጭ በል›› አለው ወንድሜ፣ ወንበሩን እያሳየው። ‹‹ካሜራውን እሠራልሃለሁ። መጀመሪያ ግን ቴሌግራሙን እንክፈተው።››